እጥበቱና የልብ መቆጣጠሪያው

ልጄ ዌኒንግ በእርግዝናዋ ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ ወድቃለች። በክላተን ከተማ ሆስፒታል ያለው ሐኪም ደረቷ ላይ ሽቦዎች ለጥፎ የልብ ምት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ አንገቷ ላይ አንጠለጠለ።

«እስከ ነገ ጠዋት እንዳይነቀል፤ ውሃም እንዳይነካው። ልቧ ሲዛባ ካልያዝነው የትኛውን መድኃኒት እንደምሰጣት አላውቅም» አለኝ። መምህር የነበረው አባቷ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ ወድቆ እንደ ቀረ ነገርኩት።

ቤት ስንደርስ ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። በእኛ በጃቫዎች ልማድ ነፍሰ ጡር የምትታጠብበት የሰባተኛ ወር እጥበቷ ነው። ቀኑን የቆረጡት ከባልና ሚስቱ የልደት ቀን አስልተው አማቷ ቡ ፓርቲናህ ናቸው። ከሰባት ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ አበባ ተነስንሶበት ይጠብቃል።

«ለነገ ይዛወር» አልኳቸው።

«ነገማ ቀኑ ክፉ ነው። እርስዎ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል፤ እኔ ደግሞ ስድስት ወልጃለሁ።»

«እንግዲያው እግሯን ብቻ እጠቧት።»

«እግር ብቻማ ከሩዝ ማሳ የተመለሰ ገበሬም ይታጠባል!» ሴቶቹ ሳቁ።

ዌኒንግ እኔንም እሳቸውንም አየች። «እማ፣ አንድ አፍታ ነው፤ መልሼ እለጥፈዋለሁ» ብላ ሽቦዎቹን ራሷ ነቀለች። መሣሪያውን ተቀብዬ በያዝኩት ፎጣ ጠቀለልኩት። ባል የሞተባት ሴት ውሃ አታፈስም ስለሚባል ፎጣ ያዥ እኔ ነበርኩ።

ሴቶቹ በኮኮናት ቅል እየቀዱ በተራ አፈሰሱባት።

«ቀስ በሉ! ልጁ ዋና ሳይማር ታሰምጡታላችሁ!» አለች አንዷ ጎረቤት።

ዌኒንግ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተቋረጠና ወደ ጎን ዘመመች።

ሮጬ እጇን ያዝኩ። የደም ሥሯ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሮጣል። መሣሪያውን ከፎጣው ውስጥ አውጥቼ ሽቦዎቹን ስለጥፍ ከእርጥብ ገላዋ ላይ ተንሸራተቱ።

ቡ ፓርቲናህ የበዓል ሻርፓቸውን ከትከሻቸው ሳቡ። «የቱ ጋ ነው የሚለጠፈው? ያሳዩኝ እንጂ!»

አሳየኋቸው። ደረቷን አደረቁና ሽቦዎቹን በሻርፑ ሸፍነው በሁለት መዳፋቸው ተጫኗቸው። «አንቺ ልጅ፣ ተነሺ። ቀኑ ደግ ነው ብዬሽ የለም?»

ባሏ ሃርዮኖ ወደ ሆስፒታል ሊወስደን መኪናውን አስነሳ። መንገድ ላይ ዓይኗን ገልጣ «በረደኝ» አለች። ቡ ፓርቲናህ እጃቸውን ከደረቷ አላነሱም።

ሐኪሙ የተመዘገበውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተ። አብዛኛው ዝብርቅርቅ ያለ ነበር።

«የመዛባቱ መነሻ አምልጦናል፤ መጨረሻውን ግን ይዛችሁታል። መድኃኒት እጀምርላታለሁ። እስክትወልድ ግን ከዚህ አትወጣም።»

«ሕፃኑስ?» አልኩት።

«ልቡ ይመታል። የምሰጋው ለእናቱ ነው።»

ቡ ፓርቲናህ ከነእርጥብ ልብሳቸው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ባልዎም እንዲህ ነበሩ?» አሉኝ።

«እሱን ለመያዝ የደረሰ ሰው አልነበረም» አልኳቸው።

አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉልኝ። ተቀመጥኩ። ዌኒንግን እንድናያት ገና አልተፈቀደልንም ነበር።