በስሟ የተከፈተው ገጽ

ሎሬይን ሃልቮርሰንና ዴዝመንድ ፓይክ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ከመቀመጣቸው በቀር የሚያመሳስላቸው ነገር አልነበረም። ሎሬይን በዚያ ትንሽ የቨርሞንት ኮሌጅ ሃያ ስድስት ዓመት የአመልካቾችን ማኅደር ያነበበች፣ እርሳሷን በቢላ የምትቀርጽ፣ ተማሪው ራሱ ከላከው ወረቀት ውጪ አንዲት መስመር የማታይ ሴት ነበረች። ዴዝመንድ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ሲሆን ምሳውን እንኳ ቆሞ ይበላል፤ ማኅደሩን ሳይገልጥ የአመልካቹን ስም ስልኩ ላይ ጽፎ የማኅበራዊ መገናኛ ገጹን ይፈልጋል።

በረዶው መስኮቱን እስከ ግማሹ በሸፈነበት የየካቲት ሳምንት የኮሪን ሳድለር ማኅደር ደረሳቸው። ልጅቱ የፔንስልቬንያ የድንጋይ ከሰል ከተማ ልጅ ናት፤ እናቷ በአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ታጥባለች። ድርሰቷን የጻፈችው ከአረጋውያኑ ኪስ ስለሚገኘው ነገር ነበር፦ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የተጣጠፈ የልደት ካርድ፣ ግማሽ ብስኩት። ኮሌጁ ሙሉ ወጪ ችሎ የሚያስተምራቸው በዓመት አሥራ ሁለት ልጆችን ብቻ ነው፤ ኮሪን ከእነዚያ መካከል ካልገባች የምትማርበት ሌላ መንገድ አልነበራትም።

«ይህችን ልጅ አልለቃትም» አለች ሎሬይን።

«መጀመሪያ ይህን እዪው» ብሎ ዴዝመንድ ስልኩን ገፋላት።

የኮሪን ስም፣ የኮሪን ፎቶግራፍ፣ የትምህርት ቤቷ አርማ። ከሥሩ በአረጋውያኑ ላይ የተሠነዘረ ፌዝ፤ ቀጥሎም በአንዲት ጥቁር የክፍል ጓደኛዋ ላይ የተጻፈ፣ ሎሬይን እስከ መጨረሻው ልታነበው ያልቻለችው ስድብ።

«እሷ መሆኗን በምን አወቅህ?»

«ስሟ፣ ፊቷ፣ ከተማዋ! መታወቂያዋንም ታምጣ?»

«ያንን ድርሰት የጻፈች ልጅ ይህን አትጽፍም።»

«ድርሰትማ ሁሉም አሳምሮ ይጽፋል። ሰው የሚታወቀው ማንም አያየኝም ሲል ነው።»

«ማንም አያየኝም ያለች ልጅ ስሟን ከነትምህርት ቤቷ ትለጥፋለች?»

«ሎሬይን፣ የዘንድሮን ልጆች ተያቸው፤ አንቺ እኮ ገና ቴምብር በምላስሽ የምታርሺ ሰው ነሽ።»

በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሌሎቹ አራት መራጮች ሳቁ። ከዚያ ኮሪን ትቅር በሚለው ላይ እጅ አውጥተው ድምፅ ሰጡ፤ አምስት ለአንድ።

ሎሬይን በማግሥቱ አልተከራከረችም። ያ ስድብ እሷንም አስደንግጧት ነበር፤ ጥርጣሬም እንደ እርጥበት ነው፣ ቀስ ብሎ ይገባል። ደብዳቤዎቹ ሊላኩ አንድ ቀን ሲቀር ግን ድርሰቱን ደግማ አነበበችና ወደ ልጅቱ ትምህርት ቤት አማካሪ ደወለች።

«ኮሪን?» አለች አማካሪዋ። «በስሟ ምንም ገጽ የላትም። መስከረም ላይ ሁሉንም ልጆቻችንን ስማችሁን ለውጡ እንላቸዋለን፤ እናንተ እንዳታገኟቸው ነዋ! እሷ የኮሌጆች መልስ እስኪያልቅ፣ እስከ ሚያዝያ ‹እመቤት ማካሮኒ› ናት። እርስዎ ያዩት ጥቅምት ላይ ልጆች ሊያላግጡባት የከፈቱት ነው። ይዘጋልን ብለን ሁለት ጊዜ አመለከትን፤ የሚያነሣው አልተገኘም።»

«ታዲያ በድጋፍ ደብዳቤዎ ለምን አልነገሩንም?»

«ጣጣ ያለባት እንዳትመስላችሁ ብዬ።»

ኮሪን ራሷን ስትሸሽግ ስሟን ባዶ ትታው ነበር፤ ባዶ ቤት ደግሞ ገቢ አያጣም።

ሎሬይን ወደ ክፍሉ ኃላፊ ወደ ሚስተር ኤልስወርዝ ሮጠች።

«አሥራ ሁለቱ ሞልተዋል» አላት። «ማንን ላስወጣልሽ?»

«ቢያንስ ይቅርታ እንጠይቃት።»

«ገጽሽን ስንበረብር ተሳሳትን ብዬ በፊርማዬ ልጻፍላት? ጠበቆቻችን ይሰቅሉኛል። ከተጠባባቂዎች አንደኛ አደርጋታለሁ። በየዓመቱ ሁለት ሦስቱ ወደ ሌላ ኮሌጅ ይሄዱብን የለም? የመጀመሪያው ቦታ የእሷ ነው።»

ተጠባባቂነቷ ተጻፈ። ስንተኛ መሆኗን ለአመልካች መግለጥ ግን በኮሌጁ ደንብ ክልክል ነበር።

የኮሌጁ መልስ በሚወጣበት ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሳድለር ቤተሰብ ወጥ ቤት ውስጥ ተሰበሰበ። እናቷ ዳርሊን የኮሌጁ ስም በአረንጓዴ ክሬም የተጻፈበትን ኬክ ከገበያ አምጥታለች፤ አጎቷ ራስል ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል። ኮሪን ደብዳቤውን ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ ዝም ብላ አነበበች።

«ጮክ በይ እንጂ! አፍሽ ብቻ እኮ ነው የሚቀረጸው።»

«ተጠባባቂ» አለች። «ከስድስት መቶ ሰው ጋር።»

«ተጠባባቂ እምቢ ማለት አይደለም» አለች እናቷ።

«ነው፣ እማ። ሳይጮኹ የሚሉት እምቢ ነው።»

ማያው ላይ ቦታውን መጠበቅ ትፈልግ እንደሆነ ተጠይቋል፤ ከሥሩም ሁለት ምርጫ አለ። ኮሪን ጣቷን አንድ ጊዜ አሳረፈች፤ ከዚያም ኮምፒውተሩን ዘጋችው።

«አጎቴ፣ ስልኩን አጥፋው። አልፈልግም ብያቸዋለሁ። መጦሪያው ስለ ሥራው እስከ ሰኞ መልስ ስጪን ብሎኛል፤ ሰኔ ላይ ትምህርት ስጨርስ ከእማ ጋር ልብስ ማጠቢያው ውስጥ እገባለሁ።»