ጤነኛ የተባለው ብልቃጥ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት የምትወድ ተመራማሪ ነበረች፤ ከጭምቱ ላይ ዓይኗን ያልነቀለችውም ለዚሁ ነው። ጭምቱ የላብራቶሪው ናሙና ጠባቂ ነው። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ከአፉ ቃል የሚወጣው በስንት ልመና ነውና።

ሥራቸው የአንጀት ካንሰር ላይ ነው። ሴልን እንደ ምሰሶ ደግፎ የሚያቆም ፕሮቲን አለ። የዚህ ፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዝ የሆነው ጂን በዕጢው ውስጥ አልተሰበረም፣ አልጠፋም፤ ጥቃቅን ኬሚካሎች ላዩ ላይ ተለጥፈው ዝም አሰኝተውታል እንጂ። ይህን ማሳየት የእሷ የዓመታት ልፋት ነው። ለማነጻጸር ደግሞ ጤነኛ አንጀት ያስፈልጋል። በመሥሪያ ቤቱ ልማድ፣ ሠራተኛ ሆኖ አንጀቱን የሚመረመር ሁሉ ቁንጣሪ ናሙና ለላብራቶሪው ይሰጣል። ብልቃጡ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ ከጭምቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ዘንድሮ ከጤነኞቹ ናሙናዎች አንዱ ጉድ ይዞ መጣ። ጂኑ በእሱም ዝም ብሏል። ጤነኛው እንደ በሽተኛው ከሆነ ጥናቷ ገደል ገባ ማለት ነው። ብልቃጥ ተቀይሯል አለች። ቀያሪው ማን ሊሆን? የማቀዝቀዣው ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ነው። ወንበሬን ተመኝቶ ነው ብላም ደመደመች፤ ሲመኝ ሰምታው ሳይሆን ዝምታውን እንደፈቀደች ተርጉማ።

ትጠብቀው ጀመር። እሷ ስትገባ ስልኩን ይዘጋል። ያንኑ ብልቃጥ ደጋግሞ ያወጣል፤ ካየችው በመዳፉ ይሸፍነዋል። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ፣ ዕቃ የረሳች መስላ ተመለሰች። እጅ ከፍንጅ ያዘችው፤ ማሽኑ ላይ አጎንብሶ ያንኑ ናሙና እየመረመረ ነበር።

ያላለችው ነገር የለም። ሥራዬን ልታበላሽ፣ ስሜን ልታጠፋ ነው፤ አሁኑኑ ለኃላፊው እናገራለሁ አለችው። እሱ ቀስ ብሎ ጓንቱን አወለቀ።

«እትዬ፣ ስንቴ ደገምኩት መሰለሽ» አለ። «ጥፋቱ የኔ እንዲሆን ነበር የፈለግኩት። ብልቃጥ ቀላቅዬ ተገኝቼ ብባረር ደስ ባለኝ።»

«ለምን?»

ብልቃጡን አንስቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። አምና ተመርምራ ቁንጣሪዋን ስትሰጥ፣ «የኔማ የጤነኛ ጤነኛ ነው» ብላ መሳቋ ትዝ አላት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ የገዛ አንጀቷን ስትጠረጥር ከርማለች።

«ምልክት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም» አለ ጭምቱ። «በስልክ የማወራው የአንጀት ሐኪሙን ነበር። ስምሽን አልነገርኩትም፤ ነገ ጠዋት ግን ይጠብቅሻል። እኔን ያቃተኝ አንቺን መንገሩ ነው።»

ወንበር ሳበላት፤ ተቀመጠች። ፈራች፤ ከፍርሃቷም ይልቅ ሐፍረቷ አቃጠላት።

«ድገመው» አለችው። «እኔ እያየሁህ አንዴ ድገመው። ምነው ተሳስተህ በሆነ።»

እሱም አዲስ ጓንት አጠለቀ።