አምስተኛው ጠጠር

ከመስቀል ወዲህ ከጽጌ አፍ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ስሟ ሲጠራ እጇን ታወጣለች እንጂ አቤት አትልም። የብርጓል ለመጨረሻ ምዘናዋ የመረጠችው ይህችን ልጅ ነበር። የብርጓል የትምህርት ቤት ሥነ ልቦና ሠልጣኝ ናት፤ የተግባር ልምምዷን የምታደርገው ከጣና ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ትምህርት ቤት ነው።

ተቆጣጣሪዋ ዶክተር ሣህሉ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው። "እኔ ባለሁበት አንድ ቃል እንድትናገር አድርጊያት።"

የብርጓል አልቸኮለችም። ከጣና ዳር ጠጠር ለቅማ አመጣች። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ ሰው አንድ አንድ ጠጠር አስቀምጦ እራት ማቅረብ የሁለቱ ጨዋታ ሆነ። "እዚህ ክፍል የሆነ ነገር እዚሁ ይቀራል" ብላ ቃል ገባችላት። ልጅቱም ውላ አድራ የየብርጓልን ጉልበት ተደግፋ መቀመጥ ጀመረች።

የምዘናው ዕለት ዶክተር ሣህሉ ብቻቸውን አልመጡም። የቀበሌው ካድሬ ጓድ አስማማው ተከትሏቸው ገባ።

"ይችን የአእምሮ ሕክምና እስቲ እኔም ልያት" አለና ከልጆች ወንበር በአንዱ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። በዚያ ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ ከየቤቱ የሚያስለቅመው እሱ ነበር።

ጽጌ ጠጠሮቹን ደረደረች። አባቷን፣ እናቷን፣ ሕፃኑን፣ ራሷን። ከዚያ አምስተኛውን አስቀመጠችና ባዶ ጣሳ ደፋችበት።

"ይኼስ ማነው ጽጌዬ?" አለች የብርጓል እንደ ልማዷ።

"ወንድምዓለም" አለች ጽጌ። ድምፅዋ ሻክሯል። "ሲመሽ ነው የሚበላ።"

የብርጓል በደስታ ፈገግ አለች። ልጅቱ ምን እንዳለች የገባት ከዚያ በኋላ ነው።

"ታላቅ ወንድሟን ክንዱን ማለቷ ነው?" አለ አስማማው። "በመስቀል ጠፋ የተባለውን? አባትየው የት እንደገባ አላውቅም ብሎ ምሎልኝ ነበር እኮ።"

"የለም ጓድ" አለች የብርጓል። "ልጅቱ አእምሮዋ ታውኳል። የሌለውን ወንድሟን አለ ብላ እራት ታቀርብለታለች።"

"ለእኔስ ጤነኛ ናት።"

"ላይ ላዩን ሲያዩአት ነው።"

አስማማው ሣቀ። "እንግዲያው ምረጪ፣ እኅቴ። ካበደች ከልጆች መሐል ምን ትሠራለች? ከትምህርት ቤቱ ትውጣ። ካላበደች ደግሞ እኔ ቤታቸውን ዛሬውኑ ልፈትሸው።"

የብርጓል ወደ ዶክተር ሣህሉ ዞረች። መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውላሉ። ጽጌ መዳፏን ጣሳው ላይ ጭና ትመለከታታለች።

"ትውጣ" አለች የብርጓል።

"ድምዳሜሽ ነው?" አሉ ዶክተር ሣህሉ።

"ድምዳሜዬ ነው።"

ምዘናዋ ላይ ፈረሙ። ሲወጡ በሩ ላይ "አልፈሻል" አሏት፤ ፊቷን ሳያዩ።

በማግስቱ የጽጌ እናት ልጇን ልትወስድ መጣች። አስማማው በሩ ላይ ከዘበኛው ጋር ያወጋል። እናትየዋ አየችው፤ ነጠላዋን አጣፍታ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"መምህርት፣ ይች ልጅ 'እማ፣ እኔ እብድ ነኝ?' ስትለኝ ነው ያደረች። እኔ ያልተማርሁ ምን ብዬ እመልስላታለሁ? እስቲ እርስዎ ይንገሯት።"

እንዲህ ስትል ዓይኗ ይለምናል። በሩ ላይ የነበረው ወግ ተቋረጠ። ጽጌ የእናቷን እጅ እንደያዘች ቀና ብላ ጠበቀች።

የብርጓል ከልጅቱ ፊት በርከክ አለች።

"አዎ፣ ጽጌዬ" አለች፤ እስከ በሩ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ። "ነሽ።"