ሳሊሃ የያዘችው አምባዛዬ

እኔን የጠየቀኝ የለም። ልጄ ስምዖን ገፈርሳ ውሃ ዳር መንጠቆ መወርወር የተማረው ከኔ ነው፤ ካሜራ ልግዛ ሲል ግን ያማከረው ጎረቤታችንን ሳሊሃን ነው። ለምን ቢባል ሳሊሃ ካርቶን ላይ የተጻፈ ታነባለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ዓሣም ቢሆን ፊደል ቆጥሮ ሲነክስ አላየሁም።

ነገሩ የጀመረው በሁለት ሺህ ስምንት ጥር፣ አንድ እሁድ ነው። ክንድ የሚያህል አምባዛ አወጣሁ። የእጄን ጭቃ እስክታጠብ ድረስ፣ ከኛ ጋር ለሽርሽር የወረደችው ሳሊሃ ዓሣዬን አንስታ፣ ሻሿን አስተካክላ ቆመች። ስምዖን በስልኩ አነሳት። «እትዬ ሳሊሃ፣ አንዴ ልድገምዎት» እያለ ወደ ኋላ ሲሸሽ ስልኩ አምልጦት ውሃ ገባ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ለካ የመጀመሪያውን ፎቶ ለሰው ልኮት ኖሯል! ቡራዩ ሁሉ «ሳሊሃ አምባዛ አወጣች» ሲል ሰነበተ። በዕድሜዋ ዓሣ ያወጣችው ከድስት ነው።

ስምዖን ታዲያ ሳሊሃን ይዞ ለውሃ ዳር የሚሆን ካሜራ ፍለጋ አክመል ሱቅ ሄደ፤ አክመል የሳሊሃ ልጅ ነው። ሳይጠሩኝ ተከተልኳቸው። በሰሞኑ ተቃውሞ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ስለነበር አክመል በሩን ገርበብ አድርጎ አስገባን። ሁለት ካሜራ አወጣ። አንዱ ጥቁር፣ አፍንጫው ረጅም፣ የሚቆምበት ሦስት እግር ያለው። ሌላዋ መዳፍ የምታህል፣ ጎማ የለበሰች ብርቱካናማ።

ሳሊሃ መነጽሯን ሰክታ ካርቶኑን አነበበች። «ጥቁሩ ሩቁን ያቀርባል ይላል። እሱን ውሰድ፣ ስሙዬ።»

ስሙዬ! የኔን ልጅ!

«ውሃ ቢገባስ?» አልኩ።

«ተይ እስቲ እማዬ፣ ይሄ አንቺ የምታውቂው ነገር አይደለም» አለኝ ስምዖን።

ትንሿን አነሳሁና የባትሪዋን ክዳን ከፈትኩ። ዙሪያውን ላስቲክ አለው፤ ልክ እንደ ፕሬዠር ድስት። ክዳኑን አጥብቄ ቆለፍኩና የመወልወያው ባልዲ ውስጥ ነከርኳት።

«ኧረ እማማ ሰብሌ!» አክመል ጮኸ።

ውሃው ውስጥ እንዳለች ተጫንኳት። ቀጭ አለች። «አሁን አንብቢልን» አልኳት ሳሊሃን።

የትንሿን ካርቶን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አሥራ አምስት ሜትር ውሃ ውስጥ ትገባለች ይላል» አለች።

የስምዖን ዓይን ግን አሁንም ጥቁሩ ላይ ነው።

«በዚህ ሰሞን ገፈርሳ ላይ ሦስት እግር ልታቆም?» አልኩት። «ገበሬው መሬት የሚወስድ ማስተር ፕላን መጣ ከተባለ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ባለፈው ሳምንት እነ ኦቦ ደቻሳ አንዱን ባለ ሦስት እግር ቀያሽ ነው ብለው ከበውት ነበር። ለካ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው! ሙሽሮቹ ከባሕር ዛፉ መሀል ወጥተው እስኪመሰክሩለት ያመነው የለም።»

አክመል ሳቀ። ስምዖን ትንሿን ገዛ።

እሁድ ውሃ ዳር ወረድን። ሳሊሃም አልቀረች። ኦቦ ደቻሳ ዱላቸውን ይዘው መጡ። «አካም ጅርቱ» ብለን ሰላምታ ተለዋወጥን። የስምዖንን እጅ አይተው «ይቺ ደግሞ መሬት ትለካለች?» አሉ።

«የምትለካው የኔን ዓሣ ነው፣ ኦቦ።»

ሳቁና ዱላቸውን አጋድመው ተቀመጡ። ያ ልጄ ታዲያ ምን አላቸው? «ጥሩ ካሜራ ናት፤ እትዬ ሳሊሃ ናቸው የመረጡልኝ።»

ደሜ ፈላ። ወዲያው ገመዴ ተወጠረ፤ ካለፈው የሚበልጥ አምባዛ ጎትቼ አወጣሁ። ሳሊሃ እጇን ዘረጋች። «አምጪ ልያዝልሽ፣ ሰብልዬ፤ አንቺ ታጠቢ።»

«አልታጠብም!» አልኩና ወደ ልጄ ዞርኩ። «ስምዖን፣ ካሜራዋን ወደኔ አዙር። ዓሣው ከኔ እጅ አይወጣም። ሳሊሃ ከፈለገች አጠገቤ ትቁም፣ እጇን ግን ወደ ኋላ ታድርግ። ፎቶውን አሳጥበህ አክመል ሱቅ ትሰቅለዋለህ። ከሥሩም ‹ዓሣውን ያወጣች፣ ካሜራውንም የመረጠች ሰብለወርቅ› ብለህ ጻፍ። እኔ አላነበውም። ለገባ ለወጣው ሁሉ ሳሊሃ ጮክ ብላ ታንብበው!»