የገላኔ ቀኝ እጅ

ገላኔ ጣቷን ሳታንቋቋ ሹሩባ መጀመር አይሆንላትም። ደንበኛዋ ፀጉሯን ፈትታ ስትጠብቅ፣ እሷ ከኋላ ቆማ የቀኝ እጇን ጣቶች ተራ በተራ ትስባቸዋለች፤ ቋ! ቋ! አዳማ ውስጥ አልባሶ እንደሷ የሚሠራ የለም ስለሚባል፣ ጣቷ ቀርቶ አንገቷም ቢንቋቋ የሚከፋው ደንበኛ አልነበረም።

ግራ እጇን ግን ነክታው አታውቅም። የዚህ ነገር መነሻ እናቷ ጉዲቱ ናት።

ጉዲቱም በጊዜዋ ሹሩባ ሠሪ ነበረች፤ ሙሽሮች ከወለንጪቲ ድረስ እየመጡ ይሰለፉላት ነበር። እሷም ጣት ማንቋቋት ትወድ ነበር። ገላኔ ገና ልጅ ሳለች የእናቷ ጣቶች ማበጥ ጀመሩ፤ ቀስ እያሉ ወደ ጎን ታጠፉ፤ በመጨረሻ ማበጠሪያ መያዝ አቃታት። ለፍርድ ደግሞ ሰፈርን የሚቀድመው የለም። «እያንቋቋች ራሷ ጨረሰችው» አለ። ባሏ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ሊጠይቃት የመጣ ዘመድ ሁሉ አለ። ሐኪም ቤት እንውሰዳት ያለ ግን አልተገኘም፤ ራሷ ላበላሸችው እጅ ምን ሐኪም ያስፈልጋል? በየዓመቱ ሶደሬ ወስደው ፍል ውኃ ውስጥ ይነክሯታል፣ ይመልሷታል፣ አለቀ።

ጉዲቱም አመነች። ስላመነችም ነው፣ ልጇ ጣቷን ስታንቋቋ የያዘቻት ዕለት ነፍስና ሥጋዋ የተላቀቀው። እጇን ጎትታ ቤተ ክርስቲያን ወሰደቻት፤ የማተብ ክር ግራ እጇ ላይ አሰረችላት፤ «ሁለተኛ አላንቋቋም» ብላ እንድትምል አደረገቻት። ገላኔ ማለች። ግን ልጅ ሲባል ተንኮል አያጣምና በልቧ ፈረደች፦ የታሰረው ግራው ነው፤ መሐላውም የግራው ነው። ቀኙ ነፃ ነው! ክሩ አልቆ ከወደቀ በኋላ እንኳ እግዚአብሔርን ፈርታ ግራዋን አልነካችውም። ለቀኙ ግን የሁለቱንም ድርሻ ሰጠችው።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ፣ ሠርግ በሠርግ ላይ በተደራረበበት ሰሞን፣ የቀኝ እጇ መሃል ጣት አበጠ። ጠዋት ስትነሳ አልታጠፍ አላት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አየችው፤ የእናቷን ጣት ያየች መሰላት። ክው አለች። እሷንም እናቷንም የሚያበላው ይኸው እጅ ነው፤ እሱ ከሄደ ምን ይቀራል? መሐላዬን በላሁ፣ እሱም እኔን በላኝ፣ አለች። ለእናቷ ትንፍሽ ሳትል ክሊኒክ ሄደች።

ዶክተር አማል የምትባል ወጣት ሐኪም ደረሰቻት። ስለ እናቷ ሕመም ጠይቃ፣ ጣቷን ጫን ጫን አድርጋ አየችና ሁለቱም እጆች ራጅ ይነሱ አለች።

«ግራው እኮ ምንም አልሆነም።»

«ለማነጻጸር ነው እህቴ።»

ራጁ ኮምፒውተሩ ላይ ብቅ ሲል ገላኔ አፏን በእጇ ያዘች። ሥጋዋ እንደ ነጠላ ስስ ሆኖ፣ ከሥሩ አጥንቶቿ ነጭ ሆነው ተደርድረዋል፤ አንዱ ከሌላው ጋር ሊነካካ ሲል በቀጭን ጥቁር ክፍተት ይለያያል። ያን ሁሉ ሙሽራ የጎነጎነው ይኼ ነው? ይኼን ይዤ ነው ለካ ገበያ የምወጣው፣ ሰው የምጨብጠው? ዕድሜዋን ሙሉ ስትጎነጉን እንዲህ የተካከለ ነገር ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ማን እንደሠራው ታውቃለች፤ እንዲህ አድርጎ እንደሠራው ግን አታውቅም ነበር። እንባዋ መጣ።

ከዚያ ጥፋቷን ፈለገች። የተበላ፣ የተጣመመ፣ የተሰነጠቀ ነገር። ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየተመላለሰች ፈለገች፤ አጣች። ጭራሽ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋባት።

«ዶክተር፣ ቀኙ የቱ ነው?»

ዶክተር አማል አሳየቻት።

«ይኼን ከልጅነቴ ጀምሮ አንቋቋዋለሁ። ያንን አንድ ቀን እንኳ ነክቼው አላውቅም።»

«አንዱን ብቻ? እውነትሽን ነው?» ዶክተሯ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች፤ እሷም እንደ አዲስ ታየው ጀመር። «የአንድ ሰው እጅ ማስረጃ አይሆንም። በጥናት የተገኘውም ግን ይኼው ነው። መገጣጠሚያሽ ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ ስትስቢው ቦታው ይሰፋና አረፋ ይፈጠራል። ለስላሳ ስትከፍቺ አረፋ ከየት ይመጣል? እንደዚያ በይው። አጥንት አይፈጭም። ማንቋቋት ሕመምና እብጠት ከሌለው ቁርጥማት አያመጣም።»

«ይኼስ እብጠት?»

«ሥራ በዝቶበት ጅማቱ ተቆጥቷል፤ አሳርፊው። የእናትሽ ግን ሌላ በሽታ ይመስለኛል። የገዛ ሰውነት መገጣጠሚያውን ጠላት ብሎ ሲወጋ ነው። በዘር ሊኖር ስለሚችል ደምሽን እንየው።»

የደሙ ውጤት ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ምንም የለበትም። ገላኔ ተመስገን ብላ ልትነሳ ስትል ዶክተር አማል አንድ ነገር ጠየቀቻት።

«እናትሽ ያኔ ሲጀምራት ሐኪም አይቷት ነበር?»

«ሶደሬ… ሶደሬ እንወስዳት ነበር።»

«የታጠፈው አይቃናም። ሕመሙ ግን መድኃኒት አለው። ነገውኑ አምጪያት።»

ጉዲቱ በረንዳው ላይ ነበረች። ገላኔ እግሯ ሥር ቁጭ ብላ «አዮ» አለቻት፤ እናቷን እንዲያ ነው የምትጠራት። መሐላውንም፣ ራጁንም፣ ሐኪሟ ያለችውንም ሁሉ ነገረቻት።

«ማንቋቋቱ አይደለም ያመጣው?»

«አይደለም።»

«እኔ አይደለሁም?»

«አንቺ አይደለሽም አዮ። ጣትሽን ነክተሽ ባታውቂም ይመጣ ነበር።»

ገላኔ፣ እናቴ አሁን ሰፈሩን ትረግማለች፣ አባቴንም በመቃብሩ ትወቅሳለች ብላ ጠበቀች። ጉዲቱ ግን ማንንም አላነሳችም።

«ያመኛል እኮ፣ ኢንተላ ኮ» አለች፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለቷ ነው። «በጣም ነው የሚያመኝ። ያኔም ያመኝ ነበር።»

ገላኔ ይህን ቃል ከእናቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ጣሪያ ሥር ኖረው አንድ ቀን አልሰማችም። ራሴ ያመጣሁትን ምን ብዬ አመመኝ እላለሁ ብላ፣ ይህች ሴት ይህን ሁሉ ውጣ ዝም አለች? ገላኔ ራጁን እንዳየችው ሁሉ እናቷንም እንደ አዲስ አየቻት። እነዚያን የታጠፉ ጣቶች በሁለቱም እጇ ያዘቻቸው።

«የቱ ጋ ነው?» አለቻት ቀስ ብላ።

ጉዲቱም እንደ ሕፃን ልጅ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ፣ እያለች ታሳያት ጀመር።