ሁለት ጊዜ የሞተው ከሰል ተሸካሚ

ዶክተር ዛልፌልት አንዱ ሕመምተኛ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ባለችው ፋታ ልብ ወለድ ይጽፋል። በበርሊን ምሥራቅ፣ ሠራተኛው በተፋፈገበት ሰፈር፣ ይህን የማያውቅ የለም። ተራ ጠባቂዎቹ እርጥብ ካፖርታቸውን እንደለበሱ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይቀልዱበታል። «ክኒኑን ውሰድ፤ ወሬህን ግን ለራስህ ያዝ። ነገ መጽሐፍ ላይ ታገኘዋለህ» ይላል አንዱ ጫማ ሰፊ። እውነቱን ነው። ሐኪሙ የሰፈሩን አነጋገር፣ ቀልዱንም ስድቡንም፣ እንዳለ ይወስዳል።

ከሁሉም የወደደው ኤሚል ካቢትስኬን ነበር፤ የከሰል ጆንያ በጀርባው ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ፣ ልቡ የደከመ፣ አፉ ግን ያልደከመ ሰው። ስሙን ለውጦ የመጽሐፉ ዋና ሰው አደረገው። አንድ የኅዳር ጠዋት ክሊኒኩ ሳይከፈት ደረጃ ላይ ገደለው። ከሰሉ እየተንከባለለ ወረደ። ዶክተሩ ብዕሩን አስቀምጦ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። በጦርነቱ ያን ሁሉ ሬሳ አይቶ ዓይኑ ያልረጠበ፣ ከዚያ ወዲህ ደንዝዞ የኖረ ሰው፣ ለወረቀት ሰው አለቀሰ። ጉድ እኮ ነው!

ፊቱን ጠርጎ በሩን ከፈተ። መጀመሪያ የገባችው ሄድቪግ፣ የኤሚል ሚስት ነበረች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ወይዘሮ ካቢትስኬ» አላት እጇን ይዞ። «እንዲያ ያለ ሰው!»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ሴትዮዋ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምን አሉኝ? አሁን ሾርባ ሰጥቼው መምጣቴ ነው! ማን ነገረዎት?»

ዶክተሩ መዋሸት አቃተው። ወደ ጠረጴዛው አመለከተ። «የሞተው እዚህ ነው። ዛሬ ጠዋት እኔ ገደልኩት። ተደበላለቀብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ሄድቪግ ወረቀቱን አየች፣ እሱን አየች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «ወይ የኔ ኤሚል! ቢሰማ እንዴት ይስቃል! ለመሆኑ አለቀሱለት?»

«አለቀስኩ።»

«እንግዲያው አንጀት አለዎት። ለእውነተኛውም ይድረሱለት። ትንፋሽ አጥሮት ነው ያደረው፣ እግሩ አብጧል፣ ደረጃ መውረድ አቅቶታል። ዛሬ ማታ ይምጡልኝ፣ ዶክተርዬ። ከእርስዎ ሌላ ማን አለን?»

«እመጣለሁ» አላት። ከልቡ ነበር።

ሲመሽ ካፖርቱን ለበሰ፣ ቦርሳውን አነሣ። ሊወጣ ሲል ዓይኑ የጠዋቱ ገጽ ላይ አረፈ። ሰውየው ገና አልተቀበረም። ቀባሪዎቹ ምን ይሉ ይሆን? አንድ መስመር ብቻ ብሎ ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። ወረቀቱ ላይ የሟቹን ጎረቤቶች ጠራ፣ ቢራ አስቀዳላቸው፣ ሟቹን እያነሡ አሳቃቸው፣ አስለቀሳቸው፤ እሱም አብሮ አለቀሰ። ቀና ሲል የመንገዱ ቤቶች ሁሉ ጨልመዋል። ነገ በማለዳ እሄዳለሁ አለ።

በማለዳ ሄድቪግ ቀድማው ጥቁር ለብሳ መጣች። ጫማ ሰፊው ቆቡን አውልቆ ተራውን ለቀቀላት።

«ወይዘሮ ካቢትስኬ፣ እግዚአብሔር...»

«ይተዉት፤ እሱን ትናንት ብለውኛል።» ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። «እስኪነጋ ድረስ ዶክተሩ መጣ ወይ እያለ ነበር። ኮቴ በሰማ ቁጥር ቀና ይል ነበር። አሁን ሐኪም ካላየው አይቀብሩልኝም፤ ይምጡ።»

ቦርሳውን አነሣ። ፊቱን ትመለከት ነበር።

«ለዚህኛውስ?» አለችው።

ዶክተሩ ውስጡን ፈለገ። ምንም የለም። ኀፍረት እንኳ የለም።

«እንባው አልመጣልኝም» አላት።

«ገብቶኛል» አለች ሄድቪግ። «ለቅሶዎን ለዚያኛው ጨርሰዋል።»

ቀድማው ወጣች። እሱም እስከ አራተኛው ፎቅ ተከተላት።