የተገዘተችው ዳዶ

በ፲፱፻፶፩ ዓ.ም. የጠዳው ወፍጮ ሞተር በአራት እግሩ ድንጋይ ላይ ታስሮ ነበር። ሦስቱ እግሮች ጨዋ ነበሩ። የአራተኛው እግር ብሎን ላይ የምትጠመዘዘው ዳዶ ግን ጠዋት ጥርቅም ተደርጋ ትታሰርና እኩለ ቀን ሳይሞላ ላልታ ትገኛለች። ያን ጊዜ ሞተሩ እንደ በቅሎ ይፈናጠራል፣ ቀበቶው ይወልቃል፣ እህል ይዘው የመጡ ሴቶች ቁናቸውን አቅፈው ይሸሻሉ።

ወፍጮው የወይዘሮ ሸዋአየሁ ነው። ባላቸው ገዝተው ካቆሙት በኋላ አንድ ዓመት እንኳ ሳያስፈጩበት አረፉ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ስለ ባላቸው አያወሩም። ስለ ዳዶዋ ግን ቀኑን ሙሉ ያወራሉ።

«አምባቸው፣ ዛሬም ላላች?» አሉት የሞተሩን ሠራተኛ።

«ላላች፣ እሜቴ። ጠዋት በቁልፍ አጥብቄያት ነበር።»

«ብረት እጅ ሳይነካው ይዞራል? ሞኝ መሰልኩህ? የአዘዞው ባለወፍጮ ምን ሰጠህ?»

«ታቦት ይመስክር፣ በራሷ ነው!»

«እስከ እሑድ ጥፋተኛው ካልተገኘ ጥፋተኛው አንተ ነህ። ጓዝህን ጠቅልል።»

የሰው ሞተር ያበላሸ ተብሎ የተባረረን ሰው ከጠዳ እስከ ደባርቅ የሚቀጥር የለም። አምባቸው ይህን ያውቃል። ሦስት ልጆቹም ይበላሉ።

ረቡዕ ዕለት ወይዘሮ ሸዋአየሁ አባ ወልደኢየሱስን ጠሩ። አባ በጥላቸው ሥር ቆመው፣ መስቀላቸውን ወደ ሞተሩ እግር ዘርግተው ገዘቱ። «ይህችን ዳዶ ያላላ፣ ያስላላ፣ የነካ፣ ያስነካ፣ በጥፍሩም ሆነ በልብሱ ጫፍ የደረሰባት፣ የተወገዘ ይሁን!» ጠንቃቃ ሰው ስለነበሩ ግዝታቸው ቀዳዳ አልነበረውም።

ችግሩም ይኸው ነበር። ሐሙስ ጠዋት አምባቸው ቁልፉን ይዞ መጣና ዳዶዋ ፊት ቆመ። ማጥበቅም መንካት ነው። ቁልፉን መልሶ አስቀመጠ።

«አጥብቃት እንጂ!» አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ።

«እርስዎ ያጥብቋት፣ እሜቴ።»

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ። ረፋድ ላይ ዳዶዋ ብሎኑ ጫፍ ላይ ትጨፍር ጀመር። ወፍጮው ቆመ። ግዝቱን ያነሡ ዘንድ አባን ቢለምኗቸው «ጥፋተኛው ሳይናዘዝ አላነሣም» አሉ።

«ምነው አባ፣ የእኔንም ጤፍ ገዘቱት?» አለች ለተ ማርያም፣ ያልተፈጨ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ። መላውንም ያመጣች እሷ ናት። «ወለቃ መንደር አያ አለነ የሚባል ቀጥቃጭ አለ። በጣልያን ጊዜ ጎንደር ጋራዥ ሠርቷል። ደግሞ ቤተ እስራኤል ነው፤ የእኛ ግዝት እሱን ምን ያደርገዋል?»

አርብ ጠዋት አያ አለነ የመሣሪያ ቦርሳውንና የራሱን ስንቅ ይዞ ከጭነት ማኪና ወረደ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ መግባት አለብኝ፣ ሰንበቴ ነው» አለ። «ክርክር ካላችሁ አሳጥሩት።»

ነገሩን ሲነግሩት ወደ አባ ዞረ። «እኔን ይይዘኛል?»

አባ ጢማቸውን አሻሹ። «አንተ... ከማኅበራችን ስላይደለህ አይይዝህም።»

«ከማኅበራችሁ ውጭ በመሆኔ ስጠቀም ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አለና ተንበረከከ።

ዳዶዋን በረጅም ቁልፍ ሲጢጥ እስክትል አጠበቃት። ከዚያ መሮ አውጥቶ ከዳዶዋ ጀምሮ እስከ ሞተሩ እግር ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ጫረ።

«በል ሞተሩን አስነሣ። ሌሎቻችሁ ራቁ፣ እጃችሁን ራሳችሁ ላይ አድርጉ።»

አባም አደረጉ፣ ከነመስቀላቸው። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ አንዲት ዳዶ ላይ አፈጠጠ።

«ተንቀሳቀሰች!» አለች ለተ ማርያም።

«አልተንቀሳቀሰችም። ዓይንሽ ነው» አሉ አባ።

ትንሽ ቆይቶ መስመሩ ተሰበረ። የዳዶዋ ጭረት ከእግሩ ጭረት የጣት ጥፍር ያህል ራቀ።

«ማነው የተነፈሰባት?» ጮኹ አባ።

ጭረቱ በሁሉም ፊት፣ ማንም ሳይነካው፣ መራቁን ቀጠለ።

«ቀበቶው የሚጎትተው ይህን እግር ነው» አለ አያ አለነ። «ሲንቀጠቀጥ እሷ ፀጉር ታህል ትዞራለች። ቀኑን ሙሉ ፀጉር በፀጉር ከሄደች የትም ትደርሳለች።»

ሞተሩን አስቁሞ በዳዶዋ ላይ ሌላ ዳዶ ደረበና ሁለቱን አንዱን በአንዱ ላይ አጨናነቃቸው። የብሎኑን ጫፍ በእጅ መሰርሰሪያ በስቶ ኮፒሊያ የሚሉትን ወፍራም ሽቦ አሳለፈበት፣ ሁለት እግሩንም ከፍቶ አጠፈው። ሞተሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጨ። ዳዶዋ ንቅንቅ አላለችም። አያ አለነ ወደ ጎንደር የምትሄድ ማኪና አስቁሞ ሄደ።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ወደ አምባቸው መጡ። «ምሳ በልተሃል?» አሉት።

«አልበላሁም።»

«ቤት ግባና ብላ።» ከእሳቸው ይቅርታ ማለት ይኸው ነበር።

ከአባ የሚፈለገው ግን ከዚህ ይበልጥ ነበር፤ ያን ግዝት አገር ሰምቶታልና። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሙ። «ግዝቱን አንሥቻለሁ። ጥፋተኛው ታውቋል። ንዝረት ነው።»

«የማን ልጅ ነው እሱ?» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

«ሰው አይደለም፣ አያ ሐብተ ማርያም። የሞተር ጠባይ ነው» አሉ አባ፣ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አምባቸው ንጹሕ ነው» ብለው ወደ ቤተ ልሔሙ ሊዞሩ ሲሉ፣ አምባቸው ከወንዶቹ መካከል ወጣ።

«አባ፣ ሲገዝቱ ገበያው ድረስ ተሰምቶ ነበር።»

አባ ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁለተኛውን ጊዜ ሲሉት ገበያው ሰማ።